እስኪሞላ

አዘዞ መገንጠያው፣ ከጎሚስታው ጥግ፣
ሦስት መኪና ቆመው ገዢ ሲፈለግ፣
ውብአንተ ደላላው ኮፈን እየመታ፣
«ይቺን እያት» ይላል፣ ከጧት እስከ ማታ።
ደረት ኪሴ ውስጥ አለ የባንክ ደብተሬ፣
አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ የሰው መሪ ዞሬ፣
የእናትነሽ እቁብም እዚያው ተደምሮ፤
ከተሳሳትሁ የለም ሌላ ደብተር፣ ሌላ ኑሮ።

አንደኛው አይሱዙ ነው፤ ቀይ፣ ደረተ ሰፊ፣
ክላክሱ ቢነፋ ዞሮ ያያል አላፊ፤
ሃምሳ ኩንታል ጭኖ ሊማሊሞን የወጣ፣
ባለቤቱን «ባለሀብት» አሰኝቶ የመጣ።
አማቼም ሰምተዋል። «አይሱዙ ካልሆነማ...»
ብለው ዝም አሉ፤ ዝምታቸው ተሰማ።

ሁለተኛው ፒካፕ፣ ዲ ፎር ዲ፣ ቀለሙ ገና የሚሸት፤
ጋሽ አዛናው ተንበርክከው ገቡ ከሥሩ መሬት፣
ሻንሲውን በመዳፍ ቀስ አርገው ዳበሱ፣
ወጡ፤ አቧራቸውን አራግፈው ከንፈር ነከሱ።
ክንዴን ያዝ አርገው፦ «ብየዳ ነው፣ ልጄ፤
ተገልብጣ ታውቃለች፣ ይህን አይቷል እጄ።»

ሦስተኛዋ ሚኒባስ፣ ወንበር የሌላት ሆዷ፣
በሯ አንዴ አይዘጋም፣ ሁለቴ ነው ልማዷ።
ግንባሯ ላይ ዛሬም፣ በደበዘዘ ቀለም፣
«ቸርነትህ» ይላል፤ ቀጣዩ ቃል የለም።
«ይቺማ» አለ ደላላው «የድሃ መጽናኛ፣
ምን ልትጭንባት ነው? ፍራሽ ለእንቅልፈኛ?»

ዝም አልሁት።

ጥቅምት ነበር ያኔ፣ ሰሊጥ የሚታጨድበት፣
የሰው አይሱዙ ነው፣ እኔም ቁጭ ያልሁበት፤
ቅዳሜ ገበያ ጭነት ትጠብቃለች።
አንዲት ነርስ ሳጥን ታቅፋ እየሮጠች መጣች።
ትንሽ ሳጥን። ቀዝቃዛ። በአንድ እጅ የሚያዝ።
«ገንዳ ውኃ፣ ዛሬውኑ! አደራ፣ እንዳይፈዝ፤
እባብ ነድፎት ነው፣ አጫጅ ነው፣ ልጅ ነው...»
ለባለመኪናው ደወልሁ። «ስንት ሞላህ?» «ሠላሳ ነው።»
«ሠላሳ?»
«ሃምሳ ሳይደፍን እግርህን እንዳታነሳ!»
ሃያው ኩንታል መጣ፣ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ፤
ሳጥኑ ጉልበቴ ላይ፣ በረዶው ሲያልቅ፣ ሲያልቅ።
ጭልጋን በጨለማ፣ በሁለተኛ ማርሽ አለፍሁ፣
ከሌሊቱ ዘጠኝ ገንዳ ውኃ ደረስሁ።
ዘበኛው ባትሪውን ሳጥኑ ላይ አብርቶ፣
«ተወው» አለኝ ቀስ ብሎ፣ በሩን ገርበብ ትቶ።
የዚያን ልጅ ስም እንኳ እስከ ዛሬ አላውቅም፤
«እስኪሞላ» ያሉት ቃል ከጆሮዬ አይለቅም።

እና የኔ ሒሳብ በኩንታል አይደለም፤
በሰዓት ነው። ለሰዓት ደግሞ ስፖንዳ የለም።
ዳባት የቆመ ወፍጮ፣ ኩሽኔታ የሚጠብቅ፣
የቆላ ድባ ክትባት፣ ጎህ ሳይቀድ የሚዘልቅ፣
ሙሽራው ጎርጎራ፣ ሱፉ ጎንደር ቀርቶ፤
ለእንዲህ ያለው ጣጣ ማን ይሂድ ሃምሳ ሞልቶ?

«ቶሎ በል» ይለኛል ውብአንተ «ሌላ ገዢ አለልኝ፣
ስምንት ሰዓት ይመጣል፤ ቀብድ ጣል አርግልኝ።»
ሳቄ መጣ። በጥድፊያ እንጀራዬን ልበላ፣
ልሸጣት የመጣሁትን ልገዛት ከደላላ?
አፍሶ ለቃሚ አልሆንም። ጎማዋን ረገጥሁ፣
ካምቢዮዋን ሰማሁ፣ ሊብሬዋን ገለጥሁ፣
የሻንሲዋን ቁጥር ከወረቀቱ አስተያየሁ።
ጋሽ አዛናው ጆሯቸውን ሞተሩ ላይ ጣሉ፤
«ዘይት ትጠጣለች፣ አትዋሽም ግን» አሉ።
ሳሙና በር ድረስ ዳገት አስወጣኋት፣
ጫፉ ላይ አጠፋሁ፣ መልሼ አስነሳኋት፣
አራት ጊዜ እንደዚያ። ውብአንተ አዛጋ።
ስምንት ሰዓት አለፈ፤ ሌላ ገዢ አልተጠጋ።
ዋጋዋ ግን ወረደ፣
እሱ ሲያዛጋ፣ ሲያዛጋ።

ማታ እናትነሽ ወጥታ ዞራ ዞራ አየቻት፤
አላመሰገነች፣ ደግሞም አልነቀፈቻት።
አንገቷን አስገብታ በባዶው ሆዷ በኩል፣
«ይሄ ሁሉ ቦታ በምን ይሞላል?» አለች።
«አይሞላም» አልኋት።

በሩን ገፋች። አልዘጋም።
ደግማ ገፋች።